ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ 7518 ዓመትና ስለ ድንጋዩ ዕድሜ

ሐዋሳ፣ 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የጻፍሽልኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ ክፍል ውስጥ ስምጥ ሸለቆው በሚሊዮኖች ዓመታት ተሠራ ሲባል፣ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዓለም ከተፈጠረ 7518 ዓመት ነው ሲባል እየሰማሽ የቱን እንደምትተዪ መቸገርሽ ነው። ሌላው፣ የዶርም ጓደኛሽ የሚጥል በሽታ መድኃኒቷን ጥላ ጠበል ልትገባ ማሰቧ ነው። የሁለቱ ጥያቄ ሥር አንድ ነው። የጓደኛሽ ግን ጊዜ አይሰጥምና ከእሱ ልጀምር።

የምትወስደው ፌኖባርቢታል ከሆነ (በጤና ጣቢያዎቻችን ለዚህ ሕመም በብዛት የሚታዘዘው እሱ ነው) በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። አንጎል ከመድኃኒቱ ጋር ተላምዶ ኖሮ በአንድ ጊዜ ሲነጠቅ ሕመሙ ከበፊቱ በርትቶ ይመለሳል። አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያበቃ ሌላው እየተከተለ ሰው የሚሞትበት ጊዜ አለ። ለረጅም ጊዜ ሳይነሣባት መቆየቱ ለማቆም ዋስትና አይሆንም። የሚቆም ከሆነም ሐኪሙ መጠኑን እየቀነሰ በወራት ነው የሚያስቆማት።

ጠበሉን ግን አትከልክያት። "ወይ ጠበል ወይ ክኒን" ካልሻት ጠበሉን ትመርጣለች፤ መምረጥ ደግሞ ከቶ አያስፈልጋትም። ጠበል የሚጠመቁት ማለዳ በባዶ ሆድ ነው። ክኒኑ በአብዛኛው ማታ ከመኝታ በፊት አንዴ የሚዋጥ በመሆኑ ከጾሙ ጋር አይጋጭም፤ ማታ የዋጠችው በማግስቱም ሰውነቷ ውስጥ አለ። የሚያሰጋው ሌላ ነው። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ እንዳታድር ለንስሐ አባቷ አስቀድማ ትንገር። ገንዳ ወይም ጥልቅ ውኃ ውስጥ ብቻዋን አትግባ፤ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይቁም። ሕመሙ ከተነሣባት የሚጎዳ ነገር ከአጠገቧ አንሡ፣ ከራሷ ሥር ልብስ አድርጉ፣ በጎኗ አስተኟት፣ ሰዓት ያዙ። አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት አይረዳም፤ ጭሱ ትንፋሿን ያውካል፣ እሳቱም ፊቷን ሊያቃጥላት ይችላል። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳትነቃ ሁለተኛው ከተከተለ፣ ሳትዘገዩ ሆስፒታል ውሰዷት።

መድኃኒቱ እምነት ማጉደል መስሎ ከታያት መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቡ። ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጥሯል፣ አስተዋይም ሰው አይንቀውም የሚል ነው። በእኛ ቀኖና ውስጥ ያለ መጽሐፍ ነውና ከውጭ መጣ አይባልም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ደግሞ አንድ አባት እሳት ውስጥም ውኃ ውስጥም የሚወድቅ ልጁን ወደ ጌታ ያመጣል፤ ሕመሙ በጨረቃ እንደሚነሣበትም ይናገራል። ዛሬ ይህን ምዕራፍ የሚያስተምር ካህን ለታማሚ "ጨረቃ ስትሞላ ተጠንቀቂ" አይልም። ንባቡ ባለበት አለ፣ የአባትየውም ጭንቀት የጌታም ርኅራኄ ባለበት አለ፤ ስለ ጨረቃ የተነገረውን ግን የዚያ ዘመን ሰው ሕመሙን የሚገልጽበት አነጋገር አድርገን እንወስደዋለን። ይህ እንዲሆን ጉባኤ አልተጠራም፣ የተወገዘም የለም።

በቅርቡ ዘመንም ይኸው ሆኗል። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጠበል ቦታ የነበረ ብዙ ሰው መድኃኒት መዋጥ ጠበሉን መጠራጠር ነው ብሎ ያቆም ነበር። ሲቆም ቫይረሱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መልሶ ይራባል፤ ወሰድ ተወት ሲደረግ ደግሞ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዝርያ ይፈጠራል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መከሩ። አካሄዱን ልብ በይ። መጀመሪያ በዓይን የሚታይ ውጤት መጣ፤ መድኃኒቱን የወሰደ ከአልጋው ተነሣ። ቀጥሎ የቆየው አነጋገር ከውጤቱ ጋር ተጋጨ። ከዚያ መምህራኑ ወደ መጽሐፉ ተመለሱና ድሮም የነበረውን፣ ሰው ያላተኮረበትን ቃል ወደ ፊት አመጡት። በመጨረሻ ምእመኑ ልማዱን አስተካከለ። በሰማይና በምድር ዕድሜ ጉዳይም የሆነው ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ዘመኑ ግን ረዘም ያለ ነው።

መጽሐፈ ሄኖክን ውሰጂ። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ስለ ብርሃናት ነው። ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት ደጆች እየወጣች በምዕራብ ስድስት ደጆች ትገባለች ይላል። ይህ በደንብ የታየ ነገር ነው። እዚህ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆመሽ ዓመቱን ሙሉ የፀሐይ መግቢያን ብትከታተዪ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ምዕራብ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ምዕራብ ትሄዳለች፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል 47 ዲግሪ ገደማ አለ። ደጆቹ የዚህ መለኪያ ናቸው። ያው ክፍል ግን ቀኑ ሲረዝም የሌሊቱን እጥፍ ይሆናል ይላል፦ ቀን 12 እጅ፣ ሌሊት 6 እጅ። በሐዋሳ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው 50 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። እጥፍ የሚሆነው እንደ ፓሪስ ርቆ ሰሜን ባለ አገር ነው። የዓመቱም ርዝመት በሄኖክ 364 ቀን ነው። በዚያ ብንሄድ ኖሮ በየዓመቱ አንድ ቀን ከሩብ ያህል እየጎደለ በ30 ዓመት ውስጥ መስከረም ከአንድ ወር በላይ ከቦታው ይነቀል ነበር።

አባቶቻችን ምን አደረጉ? መጽሐፉን ከቀኖና አላወጡም። ዘመኑን ደግሞ በ364 አልቆጠሩም፤ 12 ወር በ30 ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 አድርገው ሠሩ። የሄኖክን መጽሐፍ ስለ ፍርድና ስለ ጽድቅ አነበቡት፣ ሰማዩን በሰማዩ ለኩት። እኔ ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም። ሳይንስ ከውጭ ገብቶ እምነታችንን አናጋው የሚሉሽ ሰዎች ይህን ሥራ የሚገባውን ያህል አልተመለከቱትም። መምህራኑ አንዱን ንባብ "አንድም" እያሉ በብዙ መንገድ ሲፈቱ የኖሩት ንባብና ፍቺ የተለያዩ መሆናቸውን ስለሚያውቁ ነው።

አሁን ወደ 7518 እንምጣ። ቁጥሩ 5500 ሲደመር 2018 ነው። 5500ው ከየት መጣ? ለአዳም "በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ" የሚለውን ቃል ታውቂዋለሽ። አምስት ቀን ተኩሉ 5500 ዓመት የሆነው አንድ ቀን በጌታ ዘንድ እንደ ሺህ ዓመት ነው በሚለው ንባብ ነው። እንግዲህ ተመልከቺ፤ ቁጥሩን ያቆመው ፍቺ ራሱ "ቀን" የሚለውን በ24 ሰዓት አልወሰደውም። 5500ን ይዘው የፍጥረት ቀናት የግድ 24 ሰዓት ናቸው የሚሉ ሰዎች የቆሙበትን መሠረት ራሳቸው እየናዱት ነው። ደግሞስ ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ነው፤ እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ በየትኛው ፀሐይ ተለኩ? ይህን ጥያቄ የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ400ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶታል። ክርስቲያን ስለ ሰማይና ምድር በማያውቀው ነገር ቢከራከር አዋቂው ይስቅበትና ስለ ትንሣኤ የሚናገረውንም አያምነውም ብሎም አስጠንቅቋል። ጋሊሊዮ ከመወለዱ ከ1100 ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

የትውልዱን ዕድሜ መደመርም ቢሆን አንድ ቁጥር አይሰጥም። አዳም ሴትን ሲወልድ በግሪኩና በግእዙ ንባብ 230 ዓመቱ ነው፣ በዕብራይስጡ 130። እንዲህ ያለው ልዩነት በየትውልዱ ሲጠራቀም አይሁድ ዘንድሮ 5786 ይላሉ፣ እኛ 7518። ልዩነቱ 1732 ዓመት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የዘመን መቁጠሪያችን መነሻ ነው፤ ድንጋይ ለመመዘን የተሠራ አይደለም።

የተሠራበትን ሥራ ግን ግሩም አድርጎ ይሠራል፤ የዘንድሮውን ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫ ስሌት) አብረን እንሥራው። 7518ን ለ4 ስታካፍዪ 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ 2 ሲተርፍ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518 ሲደመር 1879፣ 9397 ነው። ለ7 ስታካፍዪ 3 ይተርፋል፤ ከ1 ማክሰኞ ብለሽ ስትቆጥሪ 3 ሐሙስ ነው፣ መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። 7518ን ለ19 ስታካፍዪ የሚተርፈው 13፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ (የ19 ዓመቱ ዙር ቁጥር) 12። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ማባዛቱ ላይ ተሳስተሻል። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ነው፣ ዕለቱ እሑድ። የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 7 ነው፤ 18 ሲደመር 7፣ መባጃ ሐመር 25። የነነዌ ጾም ጥር 25 ገባች። በ25ቱ ላይ የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲደመር 34፣ 30 ሲነሣ 4፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ 5500 የሚሠራውን አየሽው? በ4፣ በ7 እና በ19 ሲካፈል ትክክለኛውን ቀሪ ይሰጣል፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ የለውም። ጉድለትም አለው። 19 የዮልዮስ ዓመት (እያንዳንዱ 365 ቀን ከሩብ) 6939.75 ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ የሚቆጠረው 235 የጨረቃ ወር ግን 6939.69 ገደማ። በአንድ ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እየተረፈ በ300 ዓመት አካባቢ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። ስለዚህ በስሌቱ የፋሲካዋ ሙሉ ጨረቃ ዘንድሮ መጋቢት 28 ስትሆን ሰማይ ላይ የምትሞላው መጋቢት 24 ነው። የሮም ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1582 ይህን የጨረቃ ስሌት አረመች፤ ለፀሐይ ዓመቱ ጉድለትም አሥር ቀን ዘለለች፣ የዚህኛው ልዩነት ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። የእኛዋ አላስተካከለችም። እኔ በዚህ ቅር አልሰኝም። ምእመናን ሁሉ በአንድ ቀን እንዲጾሙና እንዲፈስኩ የሚያደርግ ሥርዓት ስለሆነ አራት ቀን ቢዘገይ የሚያፈርሰው ነገር የለም። የሚያፈርሰው ስሌቱን የሥነ ፈለክ እውነት ነው ብሎ መሟገት ነው።

ድንጋዩስ በምን ይለካል? ይህን ከእኔ ይልቅ አስተማሪዎችሽ ያስረዱሻል፤ ግን ከሐዋሳ ጋር ላያይዘው። ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ በረጋ ድንጋይ ውስጥ ፖታሲየም 40 የሚባል፣ በራሱ ጊዜ እየተበተነ ወደ ሌላ የሚለወጥ ንጥረ ነገር አለ። ግማሹ ተበትኖ የሚያልቀው በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ከሚበተነው ከመቶ 11 ያህሉ አርጎን ይሆናል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ ጋዝ ስለሆነ ያመልጣል፤ ሲረጋ ታፍኖ መጠራቀም ይጀምራል። ስለዚህ ጋዙንና ፖታሲየሙን ለክቶ ዕድሜ ማስላት ይቻላል። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። ከመርጋቱ በፊት ያላመለጠ አሮጌ አርጎን ካለ ድንጋዩን ያስረጃል፤ ዝናብና ሙቀት አርጎኑን ካሾለከው ደግሞ ልጅ ያደርገዋል። ባለሙያዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ድንጋዩን በጅምላ አይለኩም፤ ሳኒዲን የሚባለውን ቅንጣት አንድ በአንድ እየለቀሙ በሌዘር ያሞቁታል፣ የቅንጣቶቹ ዕድሜ እርስ በርሱ ካልገጠመም ይጥሉታል። ከከተማችን በስተሰሜን ያለው፣ ባልጩት የሞላበት የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አፉ የተደረመሰው ከ180 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው የሚባለው በዚህ መንገድ ተለክቶ ነው። የሉሲም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ከአጥንቷ አልተለካም፤ ካረፈችበት ንብርብር በላይና በታች ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ እንጂ። "ካርቦን ሚሊዮን ዓመት አይለካም" የሚል ከገጠመሽ እውነቱን ነው፤ ካርቦን 14 ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ አይሠራም። ለዚህ ሥራም አልዋለም።

አርጎኑን ያላመነ ሰው በጂፒኤስ ይይ። የስምጥ ሸለቆው ሁለት ዳርቻዎች በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በዚህ ፍጥነት በ7518 ዓመት የሚከፈተው 38 ሜትር አይሞላም፤ ከሐይቁ ዳር እስከ አስፋልቱ እንኳን በቅጡ አያደርስም። አንድ ኪሎ ሜትር ለመክፈት 200 ሺህ ዓመት ይፈልጋል። የሸለቆው ስፋት በሙሉ በመለጠጥ ብቻ የመጣ ባይሆንም፣ በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚለካ መሬት በሰባት ሺህ ዓመት አልተሠራም።

እንግዲህ የቱን ትተዪ? ሁለቱንም አትተዪ፤ እያንዳንዱን በሥራው ያዢ። ግን ሰዎች በሁለት ቦታ ይስታሉና ተጠንቀቂ። አንዱ ሳይንስ ገና ያልደረሰበትን ክፍተት እያሳዩ "እግዚአብሔር እዚህ አለ" ማለት ነው። ክፍተቱ ነገ ሲሞላ ያንን የሰማ ወጣት እምነቱንም አብሮ ያጣል። ሌላው፣ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ፣ አዲስ ግኝት በወጣ ቁጥር "ይህማ በመጽሐፋችን ነበረ" ማለት ነው። ደስ ስለሚል ሰው ይቀበለዋል። ዓለም ከአንድ ጥንተ አቶም እየሰፋ መጣ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1931 ያቀረበው ጆርጅ ለሜትር የቤልጂግ ካቶሊክ ቄስ ነበር። ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ በ1951 ባደረጉት ንግግር ግኝቱን ከፍጥረት ትምህርት ጋር ሲያያይዙት አልተደሰተም፤ መላ ምቱ በፊዚክስ መንገድ ይፈተን፣ እምነትም በእሱ ላይ አይንጠልጠል ነበር አቋሙ። ቄስም ሊቅም ሆኖ ሁለቱን ያልደባለቀ ሰው ነው፤ ከማንም በላይ እሱን አስቢ።

ከስብከት ጋር የሚታደሉ በራሪ ጽሑፎች ዓለም ከ10 ሺህ ዓመት አይበልጥም ሲሉ ካየሽ፣ ይህን የእምነት መመዘኛ ማድረግ በስፋት የተሰራጨው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ከአሜሪካ መሆኑን እወቂ። የጥንት አባቶች ርስት አይደለም። ሙስሊም ጓደኞችሽም ዘንድ ተመሳሳይ ጥበብ አለ። የነቢዩ ልጅ ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ስትጨልም ሰዉ ለእሱ አዘነች አለ፤ ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትና ሕይወት አይጨልሙም ብለው እንዳረሙ ይተረካል። ኋላም የእስልምናው ሊቅ አል ገዛሊ፣ የግርዶሽን ስሌት በሃይማኖት ስም የሚክድ ሃይማኖቱን ይጎዳል ብሎ ጽፏል።

ደግሞም አትቸኩዪ። የምድር መዞር ጉዳይ ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 ካሳተመ በኋላ በ1616 ታገደ፣ ጋሊሊዮ በ1633 ተፈረደበት፣ መጻሕፍቱ ከተከለከሉት ዝርዝር የወጡት በ1835 ነው። ከዋክብት በምድር ጉዞ ምክንያት ቦታ የቀየሩ ሲመስሉ በትክክል የተለካው በ1838 ነው። በ1616 ማስረጃው ገና ሙሉ አልነበረም፤ ስለዚህ መጠራጠሩ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ምድር አትናወጥም የሚለውን የመዝሙር ቃል የፊዚክስ ዐረፍተ ነገር አድርጎ ሰውን በእሱ መፍረዱ ነው። አዲስ ጥናት በወጣ ቁጥር እምነትሽን አታፍርሺ፣ ያ ጥናት ሐሰት ይሆናል ብለሽም እምነትሽን አታስይዢ።

የ2019ን ራስሽ ሥሪና ላኪልኝ። ወጥመድ አለበት፦ መጥቅዑ ከ14 ያንሳልና በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት ላይ ይውላል፣ ነነዌም ወደ የካቲት ትዞራለች። ዕለቱን ስትቆጥሪ መስከረም 30 ቀን መሆኑን አትርሺ። የካቲት 15 ካልወጣልሽ ተውሳኩን እንደገና እዪው።

እናትሽ